የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ማሳችን ላይ የሚቀረው ጨው ከየት ይመጣል?

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ሦስት ጥያቄዎች ከድሬዳዋና ከአካባቢዋ የተላኩ ናቸው። አንዱ ስለ ሽንኩርት ማሳ፣ ሌላው ስለ ግቢ አፈር፣ ሦስተኛው ስለ ቤት ግድግዳ ቢሆንም ሁሉም የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ስለሆነ አብረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤ ጤና ይስጥልኝ። ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ፣ ሩብ ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ፣ ከጉድጓድ በሞተር በማወጣው ውሃ ሽንኩርት አለማለሁ። መጀመሪያ ላይ ምርቱ የሚያስደስት ነበር። አሁን ግን በየመደቡ አናት ላይ ነጭ ነገር ይወጣል፤ ቦታ እንዳይባክን ብዬ በመደቡ መሐል የተከልኩት ረድፍ ይደርቃል፤ በሁለቱ ጠርዝ ያለውም ቢሆን የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል። ነዳጅ ስለተወደደ በየቀኑ አመሻሽ ላይ ጥቂት ጥቂት ነው የማጠጣው። ውሃውን አስመርምሬ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ 1.5 ዴሲሲመንስ በሜትር መሆኑ ተነግሮኛል። አንዱ ጎረቤቴ የዶሮ ኩስ ጨምርበት ይለኛል፤ ሌላው ነጩን ጠርገህ ጣለው ይለኛል። እኔ መሬቴ ላይ ጨው ጨምሬ አላውቅም፤ ታዲያ ከየት መጣ? የእኔም መሬት በመካከለኛው አዋሽ በጨው እንደተበላሸው እንደ አሚባራ እርሻ ሊሆን ነው ወይ?

መልስ፦ አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። በድሬዳዋ አካባቢ መሬት ላይ የሚታይ ነጭ ነገር ሁሉ ጨው አይደለም። ከከተማዋ በስተደቡብ በተደረደሩት ተራሮች ውስጥ የኖራ ድንጋይ በብዛት ስለሚገኝ፣ በስንጥቁ አልፎ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው ውሃ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይመጣል፤ በየቤቱ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ይኸው ነው። ይህ ኖራ አፈር ውስጥ አንዴ ከጠጠረ በኋላ ተመልሶ በውሃ የሚሟሟው እጅግ ጥቂቱ ስለሆነ ለተክል ሥር ብዙም አያሰጋም። ተክሉን የሚጎዳው በቀላሉ የሚሟሟው ጨው ነው፤ ይኸውም የሶዲየም፣ የማግኒዥየምና የካልሲየም ክሎራይድ፣ የሶዲየምና የማግኒዥየም ሰልፌት፣ አንዳንዴም ናይትሬት ነው።

ሁለቱን ለመለየት ከመደቡ አናት ላይ ነጩን ብቻ በማንኪያ ጫፍ ፍቀው በንጹሕ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ይጨምሩና ያማስሉት። ሟሙቶ ከጠፋ የሚሟሟ ጨው ነው። ከታች የሚዘቅጥ ነጭ ነገር ካለ ውሃውን ቀስ ብለው ያፍሱና በዝቃጩ ላይ ጥቂት አቼቶ ያንጠባጥቡበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው መገኘታቸው የተለመደ ነው። በምላስ ቀምሶ የመለየት የቆየ የገበሬ ልማድም አለ፤ ብልሃት የሌለበት ልማድ አይደለም፤ ነገር ግን የመጸዳጃ ፍሳሽ ሊደርስ በሚችልበት መሬት ላይ ባይሞከር ይሻላል። እርስዎ የገለጹት የቅጠል ጫፍ መቃጠልና የመሐሉ ረድፍ መድረቅ ግን፣ ኖራውም ቢኖር እንኳ፣ የሚሟሟ ጨው መኖሩን ያመለክታል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ጨዉን መሬትዎ ላይ የጨመሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ የጨመሩትም በውሃው ነው። ውሃ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው በሟሟበት ጨው መጠን ስለሆነ አስተላላፊነቱ የጨዋማነቱ መለኪያ ነው። 1 ዴሲሲመንስ በሜትር የሆነ ውሃ በሊትር 640 ሚሊግራም ገደማ የሟሟ ጨው ይይዛል በሚለው የተለመደ ስሌት ብንሄድ፣ የእርስዎ የጉድጓድ ውሃ በሊትር 960 ሚሊግራም፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጨው ይዟል። ለአንድ የሽንኩርት ወቅት በጠቅላላው 500 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢያጠጡ በሩብ ሄክታር ላይ 1,250 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ከእርሱ ጋር የሚገባው ጨው ደግሞ 1,200 ኪሎ ግራም ነው። ይህ 12 ኩንታል ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያመርቱ ከሆነም 24 ኩንታል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ ኖራ ሆኖ እዚያው አፈር ውስጥ ይጠጥራልና ሁሉም ጎጂ ነው ማለት አይቻልም፤ ቢሆንም የቀረው ለሽንኩርት ከበቂ በላይ ነው። ሽንኩርቱ ተነቅሎ ወደ ገበያ ሲሄድ አብሮት የሚወጣው ጨው ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ጨው በራሱ እግር አይሄድም። አፈር ውስጥ የሚንቀሳቀሰው በውሃ ውስጥ ሟሙቶ ውሃው በሄደበት አቅጣጫ ነው፤ ውሃው ወደ ታች ሲሰርግ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ሲርስ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ ሲሳብ ወደ ላይ። የሚለያዩት ውሃው ተን ሆኖ ሲሄድ ብቻ ነው። ፀሐይ ከመሬቱ ገጽ ላይ የምትወስደው ንጹሕ ውሃ ነው፤ የተክል ሥርም በአብዛኛው ውሃውን መርጦ ጨዉን ውጭ ይተዋል። ስለዚህ በየዕለቱ ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል፤ የቀረው ጨው በቀረችው ጥቂት እርጥበት ውስጥ እየጠነከረ ይመጣል። ሽንኩርቱ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ሲጠወልግ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከሥሩ ውጭ ያለው ውሃ ከመጠን በላይ ጨዋማ ስለሆነ ሥሩ ሊስበው አቅም ያጣል።

አሁን የመደብዎን ቅርጽ ያስቡት። ውሃው በግራና በቀኝ ባሉት ቦዮች ይገባል፤ ከሁለቱም ወገን ወደ መደቡ እየረሰ ይሄድና መሐል ላይ ይገናኛል። እያለፈበት ካለው አፈር የሚሟሟውን ጨው ሁሉ እየገፋ ስለሚመጣ የሁለቱም ቦዮች ጨው መደቡ አናት ላይ ይከማቻል። የመደቡ አናት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ለፀሐይና ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ፣ የደረቀው አፈር የኩራዝ ፈትል ጋዙን እንደሚስብ ከታች ያለውን እርጥብ ወደ ላይ እየሳበ ጨዉን እዚያው ያራግፈዋል። ስለዚህ የቦዩ ወለል አፈርና የመደቡ አናት አፈር በአንድ ክንድ ርቀት ላይ እያሉ የጨዋማነታቸው ልዩነት ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የመሐሉ ረድፍ የሞተው እዚያ ስለተተከለ ነው። ሽንኩርት በመደቡ ሁለት ትከሻዎች ላይ ብቻ፣ ወደ ቦዩ ቀረብ ተደርጎ ሲተከል መሐሉ ባዶ መሆኑ ብክነት ቢመስልም፣ ጨው የሚያርፍበት ቦታ መተው ነው። በአንድ ወገን ቦይ ብቻ እያጠጡ በዚያው ወገን ትከሻ ላይ መትከልም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ጨው ወደ ማዶው፣ ውሃ ወደሌለበት ጠርዝ ይገፋል።

ከሁሉም በላይ መለወጥ ያለበት ግን በየምሽቱ ጥቂት ጥቂት ማጠጣቱ ነው። ለነዳጅ ቁጠባ ብለው የያዙት ይህ ልማድ ከቀሩት ምክንያቶች ሁሉ የበለጠ ጉዳት ያደረሰ ይመስለናል። ጥቂት ውሃ የሚያርሰው የላይኛውን ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ያ ውሃ በማግስቱ በድሬዳዋ ፀሐይ ይተንና ይዞት የመጣውን ጨው እዚያው፣ ሥሩ ባለበት ቦታ ጥሎት ይሄዳል። ተመሳሳይ መጠን ያለው ውሃ ቀናት አራርቆ በአንድ ጊዜ ጠልቆ እንዲገባ ሆኖ ቢጠጣ ግን ከፊሉ ሥሩ ከሚደርስበት በታች ወርዶ የተከማቸውን ጨው ይዞ ይሄዳል። ይህም አፈሩን ማጠብ ይባላል፤ ከመሬት ውስጥ ጨው የሚያስወጣ ሌላ መንገድም የለም። ጨውን የሚያጠፋ መድኃኒት አለ የሚል ነጋዴ ቢመጣብዎ ገንዘብዎን በኪስዎ ያቆዩት።

ምን ያህል ትርፍ ውሃ ያስፈልጋል? ይህ በውሃው ጨዋማነትና በሰብሉ የመቋቋም አቅም ይወሰናል። የሽንኩርት ምርት መቀነስ የሚጀምረው፣ በውሃ ረክቶ ከተለወሰ አፈር ከሚጣራው ውሃ ሲለካ፣ የአፈሩ ጨዋማነት 1.2 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ 1 ዴሲሲመንስ ጭማሪ ምርቱ በ16 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቲማቲም እስከ 2.5፣ በቆሎ እስከ 1.7፣ ቃሪያና በርበሬ እስከ 1.5፣ ማሽላ እስከ 6.8፣ ጥጥ እስከ 7.7፣ ገብስ እስከ 8 ድረስ ይችላሉ። በቤተ ሙከራ ወረቀት ላይ አፈር ጨዋማ የሚባለው 4 ሲደርስ መሆኑን ልብ ይበሉ። አፈርዎ 3.5 ሆኖ ቢገኝ ወረቀቱ ጨዋማ አይደለም ይልዎታል፤ ሽንኩርትዎ ግን ከምርቱ ከሦስት እጅ አንዱን በላይ አጥቷል።

በመስኖ ባለሙያዎች ዘንድ በተለመደው ቀመር ብናሰላው፣ በእርስዎ ውሃ የሽንኩርት ምርት ሳይቀንስ እንዲቆይ ከሚጠጣው ውሃ ሲሦው ከሥር በታች ማለፍ አለበት። ሰብሉ ለራሱ 400 ሚሊሜትር የሚፈልግ ከሆነ 600 ማጠጣት አለብዎ ማለት ነው። ለቲማቲም ግን 14 በመቶ ያህል ማለፉ ይበቃል፤ ለተመሳሳይ 400 ሚሊሜትር 465 ገደማ ነው የሚያጠጡት። በነዳጅ ሲተመን ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እንግዲህ የእኛን አስተያየት በግልጽ ከጠየቁን፣ ይህ የጉድጓድ ውሃ የቲማቲም እንጂ የሽንኩርት ውሃ አይደለም። ሽንኩርትን የግድ ማልማት ከፈለጉ ጨው ከክረምት ዝናብ በኋላ ዝቅ በሚልበት ወቅት፣ ከቲማቲም ወይም ከማሽላ ጋር እያፈራረቁ ቢያደርጉት ይሻላል።

የክረምቱን ዝናብ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በድሬዳዋ በዓመት የሚዘንበው 600 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ትነቱ ደግሞ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ቢሆንም ዝናቡ በበልግና በክረምት ተሰብስቦ፣ ብዙ ጊዜም በከባዱ የሚወርድ፣ ጨው የሌለበት ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ከሐምሌ በፊት ማሳዎን አለስልሰው፣ መደቦቹን ደልድለው፣ ዙሪያውን በአፈር ክትር ከከበቡት የሚዘንበው ውሃ ተንሸራቶ ከመሄድ ይልቅ እዚያው ይሰርጋል። በግምት 30 ሴንቲሜትር ውሃ በማሳው ላይ ተኝቶ ቢሰርግ ከላይኛው 30 ሴንቲሜትር አፈር ውስጥ ካለው የሚሟሟ ጨው አብዛኛውን፣ እስከ አምስት እጅ አራቱን ድረስ፣ ወደ ታች ያወርዳል። ይህ መጠን እንደ አፈሩ ዓይነት ይለያያል፤ በአሸዋማ አፈር ይቀላል፣ በሸክላማ አፈር ይከብዳል።

ከዚያ በፊት ግን ጉድጓድ ይቆፍሩ። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ጥልቀት ይበቃል። በደረቅና ኖራ በበዛበት አገር ከአፈሩ በታች፣ አንዳንዴ ግማሽ ሜትር ሳይሞላ፣ በኖራ የተጣበቀ ነጭ ጠንካራ ንብርብር ይገኛል። እንዲህ ያለ ንብርብር ካለ ያጠቡት ጨው እዚያ ላይ ታግዶ ይቀመጥና ዝናቡ ባለፈ ማግሥት ተመልሶ ይወጣል፤ ንብርብሩ ካልተሰበረ ወይም ውሃው ወደ ጎን የሚወጣበት የማንጣፈፊያ ቦይ ካልተቀደደለት ማጠቡ ከንቱ ድካም ነው።

የዶሮ ኩሱን ነገር በተመለከተ ጎረቤትዎ በቅን ልቦና እንደመከሩዎ አንጠራጠርም፤ ሆኖም ያልተብላላ የዶሮ ኩስ ራሱ ጨው የበዛበት ስለሆነ ለጊዜው ይቅር። በሚገባ የተብላላ የከብት ፍግ ወይም ኮምፖስት ግን አፈሩ ውሃ እንዲያሳልፍ ስለሚረዳ በመጠኑ ይጠቅማል። ማዳበሪያም የአፈሩን ጨዋማነት ሊጨምር ይችላልና ከችግኙ ሥር አጠገብ ከምሮ ከመጨመር ከፋፍሎ መስጠት ይበጃል። ነጩን ጠርጎ መጣል ጊዜያዊ እፎይታ ይሰጣል፤ ካደረጉት ከማሳው ውጭ ይውሰዱት እንጂ ቦዩ ውስጥ አይጣሉት። ከሁሉ የሚከፋው መደቡን ሲያፈርሱ የአናቱን ቅርፊት ከአዲሱ መደብ አፈር ጋር መቀላቀል ነው። የሣር ወይም የገለባ ጉዝጓዝ ከፀሐይ ስለሚከልል ወደ ላይ የሚሳበውን ይቀንሳል።

አሚባራን በሚመለከት የሁለቱ ቦታዎች በሽታ አንድ ቢመስልም መንገዱ የተለያየ ነው። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ፣ ማሳዎቹ የሚጠጡት ጥሩ ሊባል በሚችለው በአዋሽ ወንዝ ውሃ ነበር። ችግሩ የመጣው ከሚገባው በላይ ውሃ እየተለቀቀ፣ የሚወጣበት የማንጣፈፊያ መስመር ሳይዘጋጅ በመቆየቱ ነው። ቀድሞ ጥልቅ የነበረው የከርሰ ምድር ውሃ እየሞላ ወደ መሬቱ ገጽ ቀረበ። የከርሰ ምድር ውሃ ከመሬት ገጽ ሁለት ሜትር ወደሚያህል ርቀት ከተጠጋ በኋላ፣ በተለይ ደለል በበዛበት አፈር፣ ገበሬው ምንም ሳያጠጣ እንኳ ፀሐይ ከሥር ውሃ እየሳበች ጨዉን ላይ ታራግፋለች። በዚህ መንገድ ሰፊ የጥጥ መሬት ከእርሻ ውጭ ሆኗል። በእርስዎ ቦታ የጉድጓዱ ውሃ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ጥልቀት ላይ ከሆነ ይህ አደጋ ቅርብ አይደለም፤ የእርስዎ ጨው ከላይ በሞተር የሚመጣው ነው። አንድ ነገር ግን አይዘንጉ፤ ከማሳዎ የታጠበው ጨው ወደ ታች ወርዶ የሚደርሰው እርስዎና ጎረቤቶችዎ ወደምትቀዱት ውሃ ነው። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ ማጠብም ደግ አይደለም፤ የውሃውንም ምርመራ በየዓመቱ ቢደግሙት መልካም ነው።

አፈርዎን ለማስመርመር ለምሳሌ ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሚሄዱ ከሆነ ነጩን ቅርፊት ከቀረው ጋር አይቀላቅሉት። ከ0 እስከ 30፣ ከ30 እስከ 60፣ ከ60 እስከ 90 ሴንቲሜትር ካለው ጥልቀት፣ ከማሳው የተለያዩ ቦታዎች እየወሰዱ በየጥልቀቱ ለይተው ያቅርቡ። ጨው ከላይ በዝቶ ከታች ከቀነሰ ወደ ላይ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ከላይ አንሶ ወደ ታች ከጨመረ ደግሞ እየታጠበ ነው።

ጥያቄ፦ በመልካ ጀብዱ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ሎሚና ፓፓያ አሉኝ። ችግሬ ውሃ አለመስረጉ ነው፤ ያጠጣሁት ውሃ ኩሬ ሠርቶ እስከ ማግስቱ ይቆያል፤ ሲደርቅ ደግሞ መሬቱ በዶማም አይበገርም። ነጭ ነገር አይታይበትም፤ ይልቁንም ላዩ ጠቆር ያለና ቅባት የነካው ይመስላል። ወለጋ የሚኖረው ወንድሜ የግብርና ባለሙያዎች ለማሳው ኖራ እንደሰጡት ስለነገረኝ እኔም ኖራ ላስመጣ ነው። እስከዚያው የከሰልና የእንጨት አመድ እየነሰነስኩ ነው። ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እባክዎ አመዱን ከዛሬ ጀምረው ያቁሙ፤ ኖራውንም አያስመጡ። ለወንድምዎ የተሰጠው ምክር ለወንድምዎ አፈር ትክክል ነው። በወለጋ ዝናቡ ብዙ ስለሆነ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ከአፈሩ አጥቦ ወስዶታል፤ አፈሩ ኮምጥጧልና ኖራ ያስፈልገዋል። በእርስዎ ግቢ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የሚያጥብ ውሃ በማነሱ ምክንያት አፈሩ ውስጥ ሶዲየም ተከማችቷል። የእንጨት አመድ ደግሞ አልካላይነትን (የኮምጣጣነትን ተቃራኒ) የሚጨምር ስለሆነ ባለው ላይ መደረብ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሟሟ ጨው ያለበት ውሃ እየተነነ ሲሄድ ጨዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጠጥሩም። በመጀመሪያ ኖራ ይጠጥራል፤ ቀጥሎ፣ በሊትር ውሃ 2.5 ግራም ገደማ ብቻ የሚሟሟው ጅብሰም (የካልሲየም ሰልፌት ማዕድን) ይከተላል፤ በሊትር 360 ግራም ያህል የሚሟሟው የገበታ ጨው ግን እስከ መጨረሻው በውሃው ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ባይካርቦኔት በበዛበት ውሃ ለረጅም ጊዜ በሚጠጣ መሬት ውስጥ ካልሲየሙ ኖራ እየሆነ ከጨዋታው ይወጣል፣ ሶዲየሙ ድርሻው እየሰፋ ይሄዳል። የሸክላ ቅንጣቶችን እርስ በርስ አያይዞ አፈሩን ፍርፍር የሚያደርገው ካልሲየም ነው። ሶዲየም ቦታውን ሲወስድ ቅንጣቶቹ ይገፋፋሉ፣ ይበታተናሉ፣ በውሃው ተወስደው የአፈሩን ቀዳዳዎች ይደፍናሉ። በ1954 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የጨዋማነት ቤተ ሙከራ ያወጣውና እስከ ዛሬ የሚሠራበት መለኪያ፣ ከሸክላው ጋር ከተያያዙት ማዕድናት ውስጥ ሶዲየም 15 በመቶ ሲደርስ አፈሩን ሶዲየም የበዛበት አፈር በሚባለው ምድብ ያስገባዋል። የአልካላይነት መለኪያውም (ፒኤች) ብዙ ጊዜ ከ8.5 በላይ ይሆናል። በላዩ ላይ የሚያዩት ጥቁረት የበሰበሰው ተክል ነገር በአልካላዩ ሟሙቶ ወደ ላይ የወጣ ነው።

በቤትዎ ሊያረጋግጡት ይችላሉ። ከግቢዎ የባቄላ ፍሬ የምታህል ደረቅ ጓል ይምረጡ፤ ግልጽ ብርጭቆ ውስጥ የዝናብ ውሃ ወይም ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ (አሲዱን አይደለም) ያድርጉና ጓሏን ሳያናውጡ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ያስገቧት። የቧንቧ ውሃ አይጠቀሙ፤ በውስጡ ያለው ካልሲየም ውጤቱን ይሸፍነዋል። ብርጭቆውን ሳይነኩ እስከ ማግስቱ ይተዉት። ጓሏ ብትፈራርስም ውሃው ጥርት ብሎ ካደረ ሶዲየም አልበዛባትም። በዙሪያዋ ወተት የመሰለ ደመና ተነሥቶ ሳይጠራ ካደረ ግን ሸክላው ተበትኗል ማለት ነው።

ከላይ የጻፉልን የሽንኩርት ገበሬም ማሳቸውን ማጠብ ከመጀመራቸው በፊት ይህን ሙከራ ቢያደርጉ እንመክራለን። ጨውም ሶዲየምም በበዛበት አፈር ላይ ጨው ራሱ ቅንጣቶቹን አጠጋግቶ ይይዛቸዋል። በዝናብ ውሃ ታጥቦ ጨው ሲወጣና ሶዲየም ሲቀር አፈሩ ይደፈናል፤ ሊያድኑት ያሰቡት መሬት ከቀድሞው የባሰ ይሆናል።

መፍትሔው ለአፈሩ የሚሟሟ ካልሲየም መስጠት ነው። ኖራ ካልሲየም ቢኖረውም አልካላይ በሆነ አፈር ውስጥ አይሟሟም፤ የእርስዎ አፈር ቀድሞም ኖራ ሞልቶት ይሆናል። ጅብሰም ግን በመጠኑ ስለሚሟሟ ካልሲየሙ የሶዲየሙን ቦታ ይወስዳል፤ የተለቀቀውን ሶዲየም ከዚያ በኋላ ውሃ ይዞት ይወርዳል። የሚፈለገው ተፈጭቶ ያልተቃጠለ ጅብሰም ነው፤ ለግድግዳ ማለስለሻ የሚሸጠው የተቃጠለ ስለሆነ ውሃ ሲነካው ይጠነክራል። መጠኑን የሚወስነው የአፈሩ ምርመራ ነው፤ በሄክታር ከጥቂት ቶን አንሥቶ ከአሥር ቶን በላይ ሊደርስ ስለሚችል በግምት አይጀመርም። ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅለው፣ ኮምፖስት ጨምረው፣ ውሃውን ቀስ በቀስና ደጋግመው ያጠጡ። ከዛፎቹ ራቅ ብሎ ጠለቅ ያለ ቦይ ማውጣትም ያስፈልጋል፤ ሶዲየሙ የሚሄድበት ካላገኘ ጅብሰሙ ብቻውን ብዙ አይሠራም። ሎሚ ጨውን ከማይችሉት ወገን ስለሆነ አስቀድመው ለእርሱ ይድረሱለት።

ጥያቄ፦ ከዚራ ውስጥ ባለ አሮጌ የድንጋይ ቤት እንኖራለን። ከወለሉ እስከ ወገብ ከፍታ ግድግዳው ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ልስኑም ይረግፋል። በሲሚንቶ አስለስነን ቀለም ቀባነው፤ ዱቄቱ ግን ከሲሚንቶው በላይ ወጥቶ ቀጠለ። ግድግዳው ሥር አበባ ተክለን በየቀኑ እናጠጣለን። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ጨዉ ከግድግዳው ሥር ካለው አፈር የሚመጣ ነው። አበባውን የምታጠጡበት ውሃ ወደ መሠረቱ ይሰርጋል፣ በድንጋዩ መሐል ባለው ጭቃና ኖራ በኩል ወደ ላይ ይሳባል፣ ግድግዳው ገጽ ላይ ሲደርስ ይተንና ጨዉን ይተዋል። ጨዉ ክሪስታል እየሠራ በልስኑ ቀዳዳዎች ውስጥ ሲያድግ የሚፈጥረው ግፊት ልስኑን ይፈነቅለዋል። ሲሚንቶው ትነቱን ስለከለከለው ውሃው መውጫ ፍለጋ ከፍ ብሎ ሄደ እንጂ አልቆመም።

አበባውን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ያርቁት፤ በምትኩ ውሃ ወደ ውጭ የሚያንሸራትት ተዳፋት ይሥሩ፤ የጣራው አሸንዳ የሚያፈስሰውም ከመሠረቱ ይራቅ። ሲሚንቶውን አስነሥተው ግድግዳው እስኪደርቅ ወራት ይታገሡና ትነት በሚያሳልፍ የኖራ ልስን ያስለስኑት፤ ቀለሙም የኖራ ቀለም ቢሆን ይመረጣል። ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ ወይም በውሃ አይጠቡት፤ ውሃው መልሶ አሟሙቶ ወደ ውስጥ ያስገባዋልና። በደረቅ ብሩሽ እየጠረጉ ከሥር በዘረጉት ላስቲክ ላይ ሰብስበው ከግቢ ያውጡት።